ነፍስ ያለው ይውጣ

ኑ ልጆቼ፣ ወዲህ ቅረቡ። ሰልፉ ገና ረጅም ነው፤ ስማችሁ እስኪጠራ እዚች ግንብ ላይ አረፍ በሉ። ሣጥን የተቀበላችሁ ደግሞ ሣጥናችሁን ከፀሐይ አርቁት። እንደሱ፣ ጥላው ውስጥ። ክዳኑን አትንኩ። ቧጨር ቧጨር ሲል ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ጉርጡ እግሩን እያፍታታ ነው። ከሩቅ መንገድ የመጣ እንግዳ ነው፤ ይደክመዋል።

እኔ የቢሮው ሰው አይደለሁም። አስተማሪም አይደለሁም፤ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አንለይ እባላለሁ፤ ከሸንበቆ ሰፈር ነኝ። ጉርጥ በሚታደልበት ቀን ሁሉ እየመጣሁ እዚች ግንብ ላይ እቀመጣለሁ። ዘበኞቹ ለምደውኛል፤ አያስነሡኝም። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ግን አንዱን ነገር ብቻውን ብነግራችሁ በሩን ሳታልፉ ትረሱታላችሁ። ስለዚህ ከነታሪኩ ስሙኝ።

ስለ ጭጋጉ ለእናንተ አልነግርም፤ ተወልዳችሁ ያደጋችሁበት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድምፅ ማጉያው «መስኮት ይዘጋ» ይላል። ልብስ ከገመድ ይወርዳል፣ ሊጥ ይከደናል፣ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይጎዘጎዛል። አሥራ ሁለት ላይ ድሮኖቹ መጥተው የትንኝ መድኃኒቱን ይረጫሉ። ግማሽ ሰዓት ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ ቅጠሉ ሁሉ ዘይት የጠጣ ይመስላል። የሰርክ ጸሎት ወደ ዘጠኝ ሰዓት የመጣው በዚህ ነው። ሙሽራም ከአሥራ አንድ በፊት ካልወጣች እናቷ ቤት ታድራለች።

እኔ ግን ከጭጋጉ በፊት የነበረውን አውቃለሁ። ወባ ወደ ደጋው የወጣችው እኔ ጎልማሳ ሳለሁ ነው። በአንድ ክረምት ከሸንበቆ ሰፈር ብቻ አሥራ አንድ ሰው ቀበርን። ስለዚህ ጭጋጉ ሲመጣ በእልልታ ነው የተቀበልነው፤ አልዋሻችሁም። እኔም ድሮኖቹ መድኃኒት የሚሞሉበት ጣቢያ ተቀጠርኩ። ሥራዬ በርሜል ማጠብ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠብኩ። ለእኔ ጓንትና ጭንብል ተሰጥቶኛል። ማታ የማወልቀውን ልብስ የምታጥበው ግን ባለቤቴ ዘርፌ ነበረች። ለእሷ ጓንት የሰጣት የለም። እኔም አልሰጠኋትም።

ወባዋ ጠፋች። ከእሷ ጋር ንቧ ጠፋች፣ ቢራቢሮዋ ጠፋች፣ ቀጥሎም የሚበላው ያጣው ወፍ ሄደ። ዱባ አበባ እንጂ ፍሬ መስጠት ተወ። ሴቶቹ በየማለዳው የዶሮ ላባ ይዘው ካንዱ አበባ ወዳንዱ እየነኩ ዱባ ማጋባት ጀመሩ። ዘርፌ ይሄን ስትሠራ ትስቅ ነበር። «የዚህኛው ሽማግሌዎች እኮ ትናንት ነው የመጡት» ትላለች ለዱባዋ፤ «እንግዲህ እሺ በይ፣ ከዚህ የተሻለ አይመጣልሽም።»

ከዚያ ሳሏ መጣ። መጀመሪያ ጭጋጉ ሲወርድ ብቻ፣ በኋላ በማናቸውም ሰዓት። ሐኪሟ ሳንባዋን በመስታወቱ ላይ አሳየችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተቃጠለ ጨርቅ መስሎ ታየኝ።

«አባባ» አለችኝ ሐኪሟ፣ «ይሄ ሳንባ ሌላ አንድ ዓመት ጭጋግ አይችልም።»

«ጭጋግ ወደሌለበት ልውሰዳታ።»

«ወዴት?» አለችኝ። ጭጋግ የማይወርድበት ሰፈር አልነበረም።

ይሄ በሁለት ሺህ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ ነው። በዚያው ግንቦት ደግሞ ወባዋ ጭጋጉን ለምዳው መመለሷ ተሰማ። ያኔ ነው ጭጋጉን የሚያስረጨው ጽሕፈት ቤት ጉርጥ ያሰበው። ትንኝ የሚበላ ነገር ሁሉ አልቆ ነበርና ከሩቅ አርብተው አመጡ። ሸንበቆ ሰፈርም ለሙከራ ከተመረጡት አንዱ ሆነ። አርባ ግቢ ነን፤ ለየግቢው ዘጠኝ ጉርጥ። ደንቡ ቀላል ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ጭጋጉ ይቆማል። እስከ ኅዳር ሠላሳ በሰፈሩ ሁለት መቶ ጉርጥ በሕይወት ከተገኘ ጭጋግ ሸንበቆ ሰፈርን ዳግም አይረግጥም። ከሁለት መቶ ካነሰ በማግስቱ ይመለሳል።

ሌላው ሰው ይሄን እንደ ዜና ነው የሰማው። እኔ እንደ ሐኪም ማዘዣ ነው የሰማሁት።

ጉርጦቹን ያመጣችው ሶልያና የምትባል ልጅ ነች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እንደ እናንተው ሣጥን ይዛ መጣች። ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ይሄን ነው ቤቴ የምታስገቢው?»

«ቤት አይደለም እማማ፣ ጓሮ ነው።»

«ጓሮዬ ቤቴ አይደል? በልጅነታችን ጉርጥ የነካ ኪንታሮት ያወጣል እየተባልን ነው ያደግነው። በእናቴ ዘመን አንድ ጉርጥ ቢገባ ሦስት ቤት ጨው ይዞ ይወጣ ነበር።»

«ጨው ይገድላቸዋል» አለች ሶልያና ደንግጣ። «እባካችሁ ጨው አይሆንም። አመድም፣ የሳሙና ውሃም እንዳይነካቸው። ድመትም አይሆንም።»

«ድመት ካየሁ ስንት ዘመኔ» አለች ዘርፌ። ሣጥኑ ሲከፈት አንዱ ትልቅ ጉርጥ ወጥቶ፣ ሆዱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ አያት። ዘርፌ ጎንበስ ብላ አየችው። «አንለይ፣ ይሄን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?»

«የቀድሞ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር አይመስልም?» አልኳት።

በአንድ ጊዜ ሳልና ሳቅ አጣደፋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሊቀመንበሩ ሆነ።

በበሩ መቃን ላይ ቆጣሪ ገጠሙልን። በየጉርጡ ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው እሷን ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በሴት ድምፅ ይናገራል፦ «በግቢዎ ዘጠኝ እንግዶች አሉ። ሁሉም ደህና ናቸው።» ምን ማብላት እንደሌለብን፣ ውሃቸው በስንት ቀን እንደሚለወጥም ይነግረናል። መመሪያው ሁለት መቶ አሥራ አራት አንቀጽ አለው ብላኛለች ሶልያና። የጻፉትም እንግዶቹ የመጡበት አገር ሰዎች ናቸው። አዋቂዎች ናቸው፤ ስለ ጉርጥ የማያውቁት የለም።

እኔ የተሰበረ እንስራ በግንቡ ሥር ደፋሁላቸው፤ በአፉ በኩል እንዲገቡ ድንጋይ አስደገፍኩት። ሰፊ ገል በውሃ ሞልቼ አጠገቡ አኖርኩ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች።

«ጋሽ አንለይ፣ ለእንግዶችዎ አልጋስ አላዘጋጁም?»

«ፍራሹ እየተሰፋ ነው።»

«የእኔዎቹ ኮርኒስ ይሠራልን ብለዋል። ወይ ዘመን! ባሌ ሃያ ዓመት ለምኖኝ አንድ መደብ አላሠራሁለትም፤ ይኸው ለጉርጥ ድንጋይ ስሸከም ዋልኩ።»

የመጀመሪያውን ምሽት ልንገራችሁ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ጥሪ የለም። እኛ ግን መስኮት ዘጋን። ጨርቁን አርጥበን በበሩ ሥር ጎዘጎዝን። ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ በዝግ ቤት ተቀምጠን ምንም የማይመጣውን ነገር እንጠብቃለን። አርባውም ቤት እንዲሁ ነበር። በኋላ የማንጠግቦሽ በር ሲንሿጠጥ ሰማሁ። «ኧረ ውጡ!» አለች፤ «ሰማዩ ባዶ ነው!» ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ። ወጥቶ ግን ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ጎረምሶቹ እጃቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ቸግሯቸው ቆመዋል። ለሠላሳ ዓመት ያንን ሰዓት ማንም ደጅ ሆኖ አላየውም። ብርሃኑ ቀይ ነው። ከእንስራው ሥር ሊቀመንበሩ ጮኸ፦ ክርርር። ከማንጠግቦሽ ጓሮ ሌላው መለሰለት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አርባ ግቢ በአንድ ላይ።

«ምን ይላሉ?» አለች ዘርፌ።

«ስብሰባ ጠርቷቸው ነው» አልኳት።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ሐምሌ ላይ ዘርፌ ከመኝታዋ ሳትስል ተነሣች። ነሐሴ ላይ ለዘጠኙም ስም አወጣችላቸው፤ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ሁለቱ ዕቁብተኞች፣ ወፍራሟ፣ እንዲህ እንዲህ። መስከረም ላይ ገበያ ደርሳ መጣች፣ በእግሯ። እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ያ ሲር ሲር የሚለው የለም። አንድ ቀን ጠዋት ላባዋን ይዛ ዱባው ጋ ሄዳ ቆማ ቀረች። ጠጋ ስል በአበባው ውስጥ ንብ አለች። አንድ ንብ።

«ላባውን ተቀበለኝና አስቀምጠው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሽማግሌ መጥቷል።»

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመጣ ነው። ሣጥኑን ደገፍ አድርጊው ልጄ፣ እንዳይገለበጥ። ጎሽ።

እናንተ ኅዳር ሲታጠን አታውቁም። ከእናንተ ውስጥ ያየ አለ? የለም። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው። ድሮ በአያቶቻችን አያቶች ዘመን ክፉ በሽታ በኅዳር ወር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ሰው ግቢውን ይጠርጋል፣ ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ ቆሻሻውን ሁሉ ደጅ ይከምራል፣ ከዚያ ያቃጥላል። አገሩ በጭስ ይታጠናል፤ በሽታው በጭሱ ይወጣል። ጭጋጉ ሲመጣ ይሄ ተከለከለ። ጭጋግ የጠጣ ቅጠል ሲነድ ጭሱ ሰው ይጥላልና። ለሠላሳ ዓመት ኅዳር ሳይታጠን አለፈ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ዘርፌ ተነሣች። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለች። «እኔ ዘንድሮ እሞታለሁ ብዬ ነበር። አልሞትኩም። ቅጠላችንም ከጭጋጉ ጸድቷል፤ ክረምቱ አጥቦታል። ዘንድሮ ኅዳርን እንጠን። እንደ እናቶቻችን። የእኔ በሽታ የወጣው የሁላችሁም ይውጣ።»

እሷ ናት የጠየቀችው። ይሄን እንዳትረሱብኝ። በደስታዋ ነው የጠየቀችው።

ማንጠግቦሽ እልልታዋን ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። ጎረምሶቹ «ምንድን ነው እሱ?» እያሉ ጠየቁ፤ እኛም ነገርናቸው። እንዴት እንደሚጠረግ፣ እንዴት እንደሚከመር፣ እሳቱ ከየት በኩል እንደሚለኮስ። የምናውቀውን ሁሉ አስተማርናቸው። የምናውቀውን ሁሉ ያስተማርናቸው መሰለን።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እጠርጋለሁ። የባሕር ዛፉን፣ የጌሾውን፣ የደረቀውን የዱባ ሐረግ ሁሉ በጓሮው ጥግ ከመርኩ። ክምሩ እስከ ደረቴ ደረሰ። ላዩ ደረቅ ነው፤ ታችኛው ግን ጠል እየጠጣ ርሶ፣ እጅህን ብትሰደው ይሞቃል። እጄን ሰድጄ አውቃለሁ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ አመዳይ ወረደ፤ በገሉ ውስጥ ያለው ውሃ ጠዋት ጠዋት ስስ መስታወት ለበሰ። ጉርጦቹ መጮህ ተዉ። ቆጣሪውን ጠየቅሁት። «በግቢዎ ዘጠኝ እንግዶች አሉ። ሁሉም ደህና ናቸው። በብርድ ወራት እንግዶችዎ ይተኛሉ፤ እባክዎ አይቀስቅሷቸው» አለኝ። እሺ አልኩ። እንስራው ሥር በእጅ መብራት ሳይ ሊቀመንበሩ አለ። ሌሎቹ ከኋላው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ተኝተዋል ተብሏል፤ አልቀሰቀስኩም።

ኅዳር አሥር ቀን ሶልያና ለቁጥጥር መጣች። ክምሩን አይታ ቆመች።

«አባባ! ይሄን እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«እኔ ነኝ። ሁሉም ቤት አለ። ለኅዳር ነው።»

ፊቷ በራ። «በጣም ጎበዞች ናችሁ! ሌላ ሰፈር ለምነን ለምነን እምቢ ብለውናል እኮ። ለወሩ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።» ፎቶ አንሥታው ሄደች።

እሷ ጉርጦቹ ብርዱን እንዲያልፉበት የሠራነው ቤት መስሏታል። እኔ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ኅዳርን ማጠኑን ፈቀደልን ብዬ ለዘርፌ ነገርኳት። ልጅቷ ክምር ሲቃጠል በዕድሜዋ አላየችም። እኔ ጉርጥ ኅዳርን የት እንደሚያሳልፍ አልጠየቅሁም።

አሥራ ሁለት ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ወጣ። ክብሪቱን ለዘርፌ ሰጠናት፤ በሰፈሩ የመጀመሪያውን እሳት እሷ ትለኩስ ተባለ። ጎንበስ ብላ ለኮሰች። ባሕር ዛፉ ወዲያው ያዘ። ሽታውን ስንሰማ ሁለታችንም ልጅ ሆንን። ከማንጠግቦሽ ግቢም ጭስ ተነሣ፣ ከዚያ ከዚህም ከዚያም፤ አርባ ጭስ። ዘርፌ ለጥንቃቄ በር ላይ ተቀምጣ አፏን ሸፍናለች፤ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነበር።

ቆጣሪው ያለ ሰዓቱ ተናገረ።

«በግቢዎ ሰባት እንግዶች አሉ። ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ምን አለ?» አለች ዘርፌ።

«ተሳሳተ» አልኳት። «ጭሱ ይሆናል።»

«በግቢዎ አምስት እንግዶች አሉ። ሁሉም ደህና ናቸው።»

ያኔ ገባኝ። መንሹን ይዤ ሮጥኩ። ክምሩን ከሥሩ ስገለብጠው እርጥቡ ቅጠል ተነፈሰ፣ ነበልባሉም ወደ ላይ ዘለለ። አንዱን አየሁት። አልተንቀሳቀሰም፤ ተኝቶ ነበር። ከብርድ ወራት እንቅልፉ ገና አልነቃም። ውሃ አምጡ ብዬ ጮህኩ። በግንቡ ማዶ ማንጠግቦሽም ትጮሃለች፤ የእሷም ቆጣሪ እየቆጠረ ነው። በሰፈሩ ሁሉ ያች የሴት ድምፅ ከየበሩ መቃን ትሰማለች፤ አንዷ ሦስት ትላለች፣ አንዷ አራት፣ አንዷ አንድ። ሁሉም ደህና ናቸው ትላለች፣ በትህትና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

የእኛ በመጨረሻ «በግቢዎ አንድ እንግዳ አለ። ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ ዝም አለ። ሊቀመንበሩ ነው። ከእንስራው ሥር አልወጣም ነበር።

ዘርፌ ከበሩ አልተነሣችም። ክብሪቱ አሁንም በእጇ ነበር።

በማግስቱ ሶልያና መጣች። በየግቢው ገብታ አመዱን በእንጨት ስትበትን ዋለች። እኛ ጋ ስትደርስ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ሠላሳ አንድ ቀርተዋል» አለችኝ። «አባባ፣ ሠላሳ አንድ። ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ነግሬሻለሁ እኮ ልጄ። ለኅዳር ነው ብዬሻለሁ።»

አመዱን በእንጨቷ ጫረች። «እስከ ሠላሳ ቀን ሌላ ጉርጥ አምጡልን» አልኳት። «ባለቤቴን እይያት። አንቺ ታውቂያታለሽ።»

«ጠይቄያለሁ። ጠዋት ነው የጠየቅሁት። የሙከራ ሰፈር ላይ ቁጥር አይሟላም ብለውኛል።» ከዚያ ዝቅ ብላ የዘርፌን እጅ ሳመች። ዘርፌ ራሷን ዳበሰቻት። «አንቺ ምን አጠፋሽ» አለቻት፤ «የለኮስኩት እኔ።»

ታኅሣሥ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ «መስኮት ይዘጋ» አለ። እጃችን አልረሳውም ነበር። ጨርቁን አረጠብን። በዕቃ ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ አልጋዋን አስገባሁ፤ በሩን በሰም ደፈንኩ። ሊቀመንበሩም በገል ሆኖ አጠገቧ እንዲቀመጥ አደረገች። በየምሽቱ ሦስታችን እዚያ እንቀመጣለን። ጭጋግ በሰም የሚቆም አይደለም።

ሁለት ወር ከምናምን ኖረች።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት ድምፅዋ እንደ ወረቀት ሳስቶ «አንለይ» አለችኝ። «አንድ ነገር ደብቄሃለሁ።»

«ምን ደበቅሽኝ?»

«እናቴ የኅዳርን ክምር ከመለኮሷ በፊት በዱላ ትመታው ነበር። ሦስት ጊዜ። ነፍስ ያለው ይውጣ፣ ትላለች። ከዚያ ለአንድ አባታችን ሆይ ያህል ቆማ ትጠብቃለች። አይጥም ይወጣል፣ እንሽላሊትም ይወጣል፣ ጉርጥም ይወጣል። እሳቱን ከለኮስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አንተ እንዳታዝን ብዬ ዋጥኩት።»

እኔ ምን ልበላት? የእኔም እናት ትመታው ነበር። ሁሉም ቤት ይመታ ነበር። ልጅ ሆነን ዱላውን ለመያዝ እንጣላ ነበር። ለእኔ ትዝ ያለኝ መንሹን ይዤ ስሮጥ፣ «አምስት እንግዶች» ሲል ነው። ለጎረምሶቹ መጥረጉን አስተማርን፣ መከመሩን አስተማርን፣ መለኮሱን አስተማርን። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እሳቱን ሁላችንም አስታወስን፤ ዱላውን ያስታወሰ አልነበረም።

«እኔም ደብቄሻለሁ» አልኳት። «እኔም አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ሁለታችንም ሞኞች ነን» አለችና በዚያ ድምፅዋ ልትስቅ ሞከረች። «ለሌላው ሰው ንገርልኝ።»

ያረፈችው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀብሩን ከአሥራ አንድ በፊት ጨረስን። ሊቀመንበሩ እስከ ግንቦት ቆየ።

ለሸንበቆ ሰፈር ዳግም ጉርጥ አይሰጥም። በመዝገቡ ላይ «አልተሳካም» የሚል አለብን። በመመሪያው ላይ ስለ ዱላው እንዲጨመር ሶልያና ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ እሷ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። መልሱ በቆጣሪው መጣ፦ «አስተያየትዎን ተቀብለናል፤ እናመሰግናለን።» ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ከእናንተ በፊት ሣጥን ከተቀበሉት አንዷን መመሪያው ስንት አንቀጽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሁለት መቶ አሥራ አራት አለችኝ።

ስለዚህ ነው እዚህ የምቀመጠው።

ይኸው ስምሽ ተጠራ ልጄ፣ ሂጂ። ሣጥኑን በሁለት እጅሽ ያዢው። በእናንተ ሰፈር ጭጋጉ ሲቆም፣ ትንፋሽ ሲመለስ፣ አንድ አሮጊት ተነሥታ ኅዳርን እንጠን ትላለች። ማለቷ አይቀርም። አትከልክሏት፤ ደስ ብሏት ነው። ለእሷ ክብሪቱን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ለአንዳችሁ ዱላ ስጡ። ክምሩን ሦስት ጊዜ ምቱት። ነፍስ ያለው ይውጣ፣ በሉ። ተኝተው ነው፤ ቶሎ አይሰሙም። ቆማችሁ ጠብቋቸው፤ ካልወጡም ቅጠሉን በእጃችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉት።

ስሜን ብትረሱት ግድ የለም። ዱላውን ግን፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ አስታውሱልኝ።